የሐኪም ስም በማኅበራዊ መገናኛ እንዴት ይዛመታል?

ጫማ የሚገዛ ሰው ለክቶ ይገዛል፤ በርበሬ የሚገዛም አይቶና አሽትቶ ይገዛል። የታመመ ሰው ግን ሐኪሙን አስቀድሞ ሊለካው አይችልም። ከታከመ በኋላም ቢሆን የዳነው በመድኃኒቱ ይሁን በገዛ አካሉ የመቋቋም ኃይል ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት አያውቅም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሕክምናን አገልግሎት ከሌሎች ሸቀጦች የሚለየው ይኸው እርግጠኛ ያለመሆን ጠባይ መሆኑን አስረድቷል። ሕመምተኛው በዕውቀት ሊሞላው ያልቻለውን ክፍተት የሚሞላው በእምነት ነው። እምነቱንም የሚያገኘው በአብዛኛው ከጎረቤቱ፣ ከሥራ ባልደረባውና ከዘመዱ ቃል ነው።

ይህ ቃል የሚጓዝበት መንገድ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ተለውጧል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ቴሌግራም ደግሞ በ2013 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ቀድሞ በቡና ላይና በዕድር ድንኳን ይነገር የነበረው የሐኪም ስም በስልክ መስታወት ላይ ይነበብ ጀመር። ብዙ ሐኪሞችና ክሊኒኮችም የየራሳቸውን ገጽ ከፍተው ተከታይ ያሰባስባሉ። ለመሆኑ የተከታይ ብዛት የሕክምና ሥራን በእርግጥ ያሳድጋልን? ወይስ በማየትና በመታመን መካከል ሌላ ነገር አለ? በዚህ ጽሑፍ የመረቦች ሣይንስና ስታቲስቲክስ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ በቅደም ተከተል ለመመልከት እንሞክራለን።

ማስታወቂያ ለሐኪም ነውር የነበረበት ዘመን

በመጀመሪያ፣ ሐኪም ስለራሱ ለሕዝብ መናገሩ ራሱ ረጅም ክርክር ያለበት ጉዳይ መሆኑን እናስታውስ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1847 ሲመሠረት ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ፣ በአደባባይ ማስታወቂያ ሕመምተኛን መጥራት የሙያውን ክብር የሚያጎድፍ ተግባር ነው ሲል ይከለክል ነበር። ምክንያቱም በዚያ ዘመን በጋዜጣ ላይ ጎልቶ ይታይ የነበረው «ሁሉን ይፈውሳል» የሚባል ጠርሙስ የሚሸጠው ወገን ስለነበረ ነው።

ክልከላው ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1975 በማኅበሩ ላይ ክስ መሠረተ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ዳኞቹ እኩል ለእኩል በመከፈላቸው የኮሚሽኑ ትእዛዝ ጸና። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ስለ አገልግሎቱ እውነተኛ መረጃ መስጠቱ የማይከለከል፣ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ ማውጣቱ ግን የሚከለከል ሆነ። ልብ እንበል፤ ጥያቄው «ሐኪም ይናገር ወይስ ዝም ይበል?» ከሚለው ተነሥቶ «የሚናገረው እውነት ነውን?» ወደሚለው ተሸጋገረ። ማኅበራዊ መገናኛ ሲመጣ የተነሣውም ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ዝነኛው የሜዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2010 ለማኅበራዊ መገናኛ ራሱን የቻለ ማእከል አቋቋመ። የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤትም በ2013 ሐኪሞች በእነዚህ መድረኮች ሊከተሉት የሚገባቸውን መመሪያ አወጣ።

ከሐኪም ወደ ሐኪም

ስም በመረብ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ከተመረመረባቸው ቀደምት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በሐኪሞች ላይ ነው። ጄምስ ኮልማን፣ ኤሊሁ ካትዝና ኸርበርት ሜንዘል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢሊኖይ ግዛት በሚገኙ አራት ከተሞች፣ ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት በሐኪሞች ዘንድ እንዴት እንደተስፋፋ ተከታተሉ። ሐኪሞቹን «ምክር የምትጠይቀው ማንን ነው? የቅርብ ወዳጅህስ ማን ነው?» እያሉ ከጠየቁ በኋላ፣ በመድኃኒት ቤቶች የተቀመጡትን ማዘዣዎች መርምረው ማን መቼ አዲሱን መድኃኒት ማዘዝ እንደጀመረ አረጋገጡ።

በ1957 የታተመው ውጤታቸው እንዲህ ይላል፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ ትስስር ያላቸው ሐኪሞች መድኃኒቱን ፈጥነው ተቀበሉ። የእነርሱ የመቀበል መስመር እንደሚንከባለል የበረዶ ክምር እያደገ ሲሄድ፣ ብቸኞቹ ሐኪሞች ግን አንድ በአንድ፣ በዝግታ ተከተሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ክሪስቶፍ ቫን ደን ቡልትና ጋሪ ሊሊየን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያንኑ መረጃ እንደገና ሲተነትኑ፣ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ በዚያን ጊዜ ያካሄዱትን የማስታወቂያ ዘመቻ በስሌቱ ውስጥ አስገቡ። ያን ጊዜ የባልደረቦች ተጽእኖ ይመስል የነበረው ምልክት ጠፋ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ዐቢይ ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስላደጉ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። «ገጽ ከፈትን፤ ታካሚም በዛ» የሚል ክሊኒክ ይህን ጥናት ሊያስታውስ ይገባዋል።

የሥርጭት ስሌት

አሁን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ክሊኒክ ስለ ሕፃናት ክትባት የጻፈውን ትምህርት 100 ሰዎች አነበቡ እንበል። እያንዳንዱ አንባቢ በአማካይ ለ0.5 ሰው ቢያስተላልፈው፣ ማለትም ከሁለት አንባቢ አንዱ ለአንድ ሌላ ሰው ቢልከው፣ በሁለተኛው ዙር 50፣ በሦስተኛው 25፣ በአራተኛው 12 ወይም 13 ሰዎች ያነቡታል። እስከ መጨረሻው ብንደምረው ጠቅላላው 200 ይሆናል። አማካዩ 0.8 ቢሆን ድምሩ 500፣ 0.9 ቢሆን 1,000 ይደርሳል። አማካዩ ከ1 ካለፈ ግን መልእክቱ እንደ ወረርሽኝ ያለማቋረጥ ያድጋል። ስሌቱ የተላላፊ በሽታ ተመራማሪዎች የወረርሽኝን ጉዞ ለመገመት ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በተግባር ግን ከ1 የሚያልፍ መልእክት እጅግ ጥቂት ነው። ሻራድ ጎኤልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በበይነ መረብ የሚሰራጩ ነገሮች አብዛኞቹ ከመነሻቸው አንድ እርምጃ እንኳን ርቀው ሳይሄዱ እንደሚቆሙ አሳይተዋል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ቁጥር የሚወስነው በመጀመሪያው ዙር መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች ብዛትና ማንነት ነው። ለአንድ ክሊኒክ እነዚህ ሰዎች ከሩቅ የሚጠበቁ እንግዶች አይደሉም፤ ዛሬ በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቶች ናቸው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለእህታቸው ሊልኩት የሚችሉት አጭርና ግልጽ ትምህርት ቢሰጣቸው፣ ያ ትምህርት ከማንኛውም የተከፈለበት ማስታወቂያ ይልቅ ጥሩ መነሻ ይኖረዋል።

መስማት ሌላ፣ መታመን ሌላ

የኅብረተሰብ ሣይንስ ሊቅ የሆነው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 «የላላ ትስስር» ያለውን ጽንሰ ሐሳብ አቀረበ። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁትን እኛም አብዛኛውን እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣልን በመንገድ ከምንሰላመታቸው፣ አልፎ አልፎ ከምናገኛቸው ሰዎች ነው። ማኅበራዊ መገናኛ እንዲህ ያሉ የላሉ ትስስሮችን በብዛት ስለሚያቀርብ፣ ስምን ለማሰማት እጅግ የተመቸ ነው።

ነገር ግን መስማትና መወሰን አንድ አይደሉም። ዴሞን ሴንቶላ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት 1,528 ሰዎችን በሁለት ዓይነት ሰው ሠራሽ መረብ ውስጥ አስገባ። በአንደኛው መረብ የአንድ ሰው ጓደኞች እርስ በርሳቸውም ጓደኛሞች ናቸው፤ በሁለተኛው ግን ጓደኝነቱ ያለ ሥርዓት በዕጣ የተበተነ ነው። የእያንዳንዱ ሰው የጓደኛ ቁጥር እኩል ነበር። ከዚያም ሰዎቹ በአንድ የጤና መድረክ እንዲመዘገቡ የሚጋብዝ መልእክት ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እንዲተላለፍ ተደረገ። በዕጣ በተበተነው መረብ የተመዘገቡት 38 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ጓደኛሞች በተሰባሰቡበት መረብ ግን 54 በመቶ ያህል ደረሱ፤ ፍጥነቱም ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአንድ ሰው የሰማ ሊያመነታ ይችላል፤ ከሁለትና ከሦስት ከሚያውቃቸው ሰዎች የሰማ ግን ልቡ ይጸናል።

ስለዚህ ስም የሚሰማው በላላ ትስስር ነው፤ እግር ወደ ክሊኒኩ የሚያመራው ግን በተደጋገመ ምስክርነት ነው። ሠፈሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የእናቶችን ስብስብ ለይቶ የሚያገለግል ገጽ በመላው ዓለም ከተበተኑ ብዙ ተከታዮች ይልቅ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ርቀትና የትስስር ጥንካሬ የተለያዩ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። ዱባይ ወይም ዋሺንግተን የምትኖር ልጅ ለእናቷ ማሳከሚያ ገንዘብ ስትልክ፣ የት እንደምትታከም በመወሰኑም ትሳተፋለች። እርሷ በኪሎ ሜትር ትራቅ እንጂ በመረቡ ውስጥ ከእናቷ አጠገብ ናት።

ሐሰት ለምን ይቀድማል?

በመረቡ ላይ የሚጓዘው የሐኪም ቃል ብቻ አይደለም። ሶሩሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል የተባሉ ተመራማሪዎች ቀድሞ ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ከ2006 እስከ 2017 የተሰራጩ 126,000 ያህል የወሬ ሰንሰለቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳተሙ። ሐሰተኛ ዜና እንደገና የመተላለፍ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። እውነት 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ሐሰት ከወሰደበት ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል ወሰደበት። ለዚህም ዋናዎቹ ተጠያቂዎች በኮምፒዩተር የሚመሩ ሐሰተኛ ተጠቃሚዎች ሳይሆኑ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ሐሰት አዲስና አስገራሚ ሆኖ ስለሚፈጠር የሰውን የማወቅ ጉጉት ይቀሰቅሳል፤ እውነት ግን ብዙ ጊዜ የታወቀና የተለመደ ነው።

ከዚህ ለሐኪሙ አንድ ፈተና ይነሣል። ፈጥኖ ለመታወቅ የሚመኝ ሐኪም ቃሉን እንደ ሐሰት ማስገረም ይጀምራል፤ «ይህን ፍራፍሬ ብሉ፤ ስኳር በሽታ ይጠፋል» ወደ ማለት ይንሸራተታል። ተከታዩ ሊበዛ ይችላል። ነገር ግን አንድ ታካሚ ይህን አምኖ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ ዋጋው ሕይወት ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ሥራ የሕክምና ሥራ ሊባል አይችልም።

«በፊት» እና «በኋላ»

ክሊኒኮች በገጻቸው ላይ ከሚያወጧቸው ነገሮች ጎልቶ የሚታየው የታካሚ ምስክርነትና «ከሕክምናው በፊትና በኋላ» የሚል ፎቶግራፍ ነው። ይህን በስታቲስቲክስ ዓይን እንመልከተው። የአንድ ሰው የላይኛው የደም ግፊት መጠን በአማካይ 140 ሆኖ፣ ከቀን ወደ ቀን በ125 እና በ155 መካከል ይዋዥቃል እንበል። ይህ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው መቼ ነው? ራሱን በታመመበት፣ ግፊቱ ወደ 155 በተጠጋበት ቀን የመሄዱ ዕድል ይበዛል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ቢለካ፣ ምንም ሳይሰጠው እንኳን ቁጥሩ ወደ 140 ዝቅ የማለት ዕድል አለው። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያወዳድር የገለጸው «ወደ አማካይ መመለስ» የሚባለው ክስተት ይህ ነው።

ምስክርነቱን የሰጠው ታካሚ አልዋሸም፤ ሐኪሙም አልዋሸም ይሆናል። ነገር ግን ለውጡ የማን እንደሆነ ከአንድ ሰው ታሪክ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ ያልተሻላቸው ታካሚዎች ፎቶግራፍ አይወጣም። ስለዚህ የተመረጠ ምስክርነት ከማውጣት ይልቅ ሕክምናው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግና ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ማስረዳት ይበልጥ ታማኝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ገጽ ለጊዜው ብዙ ጭብጨባ ላያገኝ ይችላል፤ ሆኖም የተነገረውና ያገኘው ነገር የተመሳሰለለት ታካሚ ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር ይሆናል።

ስምን መሰረዝ ምሥጢር መጠበቅ ነውን?

«የታካሚውን ስም አልጠቀስንም» የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እስቲ በቁጥር እንፈትነው። 50,000 ሕዝብ ባላት ከተማ ከ10,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ ቢኖር፣ ሕሙማኑ 5 ያህል ናቸው። «አንዲት ሴት» ሲባል ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳሉ። «በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ» ሲጨመርበት አንዲት ብቻ ልትቀር ትችላለች። ስሟ አልተጻፈም፤ ጎረቤቶቿ ግን አውቀዋታል። ላታንያ ስዊኒ የተባለች የኮምፒዩተር ሣይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበችው ጥናት፣ የፖስታ መለያ ቁጥር፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ ቢታወቁ 87 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካ ሕዝብ ነጠላ በነጠላ ሊለይ እንደሚችል ገምታ ነበር። ፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። በስልክ የተነሣ ምስል የተነሣበትን ሰዓት፣ አንዳንዴም ቦታውን በውስጡ መዝግቦ ሊይዝ ይችላልና።

ጉዳዩ የሕግም ነው። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ይመድባል። በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የሕክምና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ቀዶ ሕክምና እያደረገች በቲክቶክ በቀጥታ ታስተላልፍ የነበረችን ሐኪም የሥራ ፈቃድ በቋሚነት ሰርዟል። ከሕጉ በላይ ግን አንድ የቆየ አባባል አለን፤ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም»። ታካሚው በሽታውን የሚገልጠው የሚሸሽግለት ሐኪም መኖሩን ሲያምን ነው። የአንዲት ታካሚ ምሥጢር በገጽ ላይ ከወጣ፣ ያነበቡት ሌሎች ሴቶች የራሳቸውን ሕመም ይዘው ቤታቸው ይቀራሉ።

ጥረቱ መጥቀሙ በምን ይታወቃል?

የቀረው ጥያቄ የመለካት ጥያቄ ነው። አንድ ገጽ 20,000 ተከታይ ቢኖረውና ከእነዚህ ውስጥ 5 በመቶው ብቻ በከተማው ቢኖሩ፣ ሊታከሙ የሚችሉት 1,000 ናቸው። ሌላው ገጽ 3,000 ተከታይ ኖሮት 60 በመቶው የከተማው ነዋሪ ቢሆን፣ ቁጥሩ 1,800 ይሆናል። ትንሹ ገጽ ትልቁን በለጠ ማለት ነው።

የታካሚ ቁጥር መጨመሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በክረምት ጉንፋንና የሳንባ ምች ሲበረታ፣ ገጽ ያለውም የሌለውም ክሊኒክ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሦስት ቀላል ዘዴዎችን እንጠቁማለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱን አዲስ ታካሚ ካርድ ሲያወጣ «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» ብሎ መጠየቅና መመዝገብ። ሁለተኛ፣ የዘንድሮውን ወር ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማወዳደር። ሦስተኛ፣ በዕጣ መሞከር፤ ለምሳሌ በየሳምንቱ መጀመሪያ ሳንቲም ወርውሮ፣ አንበሳ ከወጣ ስለ ደም ግፊት፣ ካልወጣ ስለ ሌላ ርእስ ማስተማርና በየሳምንቱ ግፊታቸውን ለመለካት የመጡትን መቁጠር። ዕጣው ወቅትንና አጋጣሚን በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚያከፋፍል፣ ከብዙ ሳምንታት በኋላ የሚታየው ልዩነት የትምህርቱ ውጤት ነው ለማለት የተሻለ ድፍረት ይሰጣል።

ለምሳሌው የደም ግፊትን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ነዋሪዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህም 46 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። በሽታው ሳያም፣ ሳያስተኛ ይቆይና አንድ ቀን በልብ ወይም በአንጎል ላይ ይገለጣል። በአማርኛ በግልጽ የተጻፈ አንድ ትምህርት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን አስነሥቶ ክንዱን እንዲያስለካ ካደረገው፣ ክሊኒኩ አንድ ታካሚ አግኝቷል፤ ሰውየውም ዕድሜ አግኝቷል። የሕክምና ሥራ ማደግ ማለት በእኛ አስተያየት የእነዚህ ሁለት ነገሮች አብሮ መሄድ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ ማኅበራዊ መገናኛ ቃልን ያፈጥናል፤ እምነትን ግን አያፈጥንም። እምነት በትንሽ ክበብ ውስጥ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ በተደጋገመ እውነት ይገነባል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላልና፣ ሐኪም በገጹ ላይ የሚጽፈውን ቃል በማዘዣ ወረቀት ላይ እንደሚጽፈው ቃል ተጠንቅቆ ሊጽፈው ይገባል። ሁለቱንም የሚያነባቸው ያው ሕመምተኛ ነውና።